ጫት፣ ወያላው እና ምርቃናው

ሰላም ሰላም! ዛሬ ስለ ጫት ነው። «እሰይ» ያላችሁም፣ «ኤጭ» ያላችሁም ቁጭ በሉ። ሁለታችሁንም ላናድድ ነው የመጣሁት።

በርጫ እንዴት እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግርም። ፍራሽ፣ ኦቾሎኒ፣ ውኃ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ገራባ። መጀመሪያ ጨዋታው ይደራል። ሁሉም ያወራል፣ ማንም አይሰማም። ከዚያ ምርቃናው ይመጣል። አንዱ ዝም ብሎ በሐሳቡ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይገነባል፣ ምድር ቤቱን ለባንክ ያከራያል። ማታ ላይ ሕንፃው የለም፣ ባንኩም የለም። ለምን?

ታክሲ አስቡ። የነርቭ ሕዋሱ ታክሲው ነው። ዶፓሚን፣ ማለትም በሕዋሶች መሃል መልእክት የሚያደርሰው ኬሚካል፣ ተሳፋሪው። በሁለት ሕዋሶች መሃል ያለችው ክፍተት ደግሞ መንገዱ። በደህናው ቀን ጥቂት ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፣ መልእክታቸውን ያደርሳሉ፣ ከዚያ ወያላው (ሕዋሱ በር ላይ ያለው አጓጓዥ ፕሮቲን ነው) «ግቡ ግቡ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ መልሶ ይጭናቸዋል። («አንድ ሰው» ሲል አራት ሰው ማለቱ ነው፣ እሱን ተዉት።)

አሁን ካቲኖን መጣ። ጫትን ጫት የሚያደርገው እሱ ነው። መልኩ ተሳፋሪ ይመስላል፣ ወያላው አይለየውም፣ ያስገባዋል። ገብቶ ምን ያደርጋል? ወያላውን ያሳብደዋል! «ግቡ» ሲል የነበረው ወያላ «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» ይላል። ተሳፋሪው ግልብጥ ብሎ ወረደ። መንገዱ ጢም አለ። ምርቃና ይሄ ነው። ማታስ? ታክሲው ባዶ፣ መንገዱም ጭር። ያን ድብርት በጨብሲ እሰብራለሁ ብሎ ቢራ የሚደረድረውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዱ አሁን ይሄን እያየ ነው። ሰላም ነው ወንድሜ?

ወያላውን የወደደ ሰብስክራይብ ያድርግ። ቀጠልን።

ኬሚስትሪውን በሩጫ። ካቲኖን የአምፌታሚን፣ የዚያ አነቃቂ መድኃኒት፣ የቅርብ ዘመድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ነው እ.ኤ.አ. በ1975 የለየው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ካቲን እና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፣ እነሱ ደከም ያሉ ናቸው። በቃ። ከአወዳይ የሚወጣው አይሱዙ እንደዚያ የሚበረው፣ ጫቱም በኮባ የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አፍ ካልደረሰ ገራባ ነው።

ነገሩ ደግሞ የትናንት አይደለም። የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ በ14ኛው መቶ ዘመን፣ የይፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት ሊተክልበት እንደዛተ ይተርካል። ሰው አገር ወርሮ መጀመሪያ የሚያስበው ጫት መትከል! እኔ በታሪክ ውስጥ እንደዚህ ግልጽ የሆነ ዛቻ አላነበብኩም።

እሺ፣ አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። «ጫት ካልቃምኩ ጥናት አይገባኝም።» «ጫት ጭንቅላት ይከፍታል።» ኧረ ጉዳችሁ! ይቺን ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም። ጫት ያነቃል፣ አዎ። ነቅቶ መቆየት ግን መያዝ አይደለም። ቀን ያነበባችሁትን አእምሮ የሚያደላድለው ስትተኙ ነው፣ ጫት ደግሞ እንቅልፉን ይወስደዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዶርም ውስጥ ያለውን ልጅ እዩት። ሃይላይተሩን ይዞ ገጹን በሙሉ ቢጫ ቀብቶታል። የገጹን ቁጥር ሳይቀር! ሁሉም ነገር ወሳኝ መስሎታል። ዶፓሚን ሲበዛ እንደዚያ ነው፣ ተራው ነገር ሁሉ ትልቅ ይመስላል። «እኔ ግን ቅሜ ኤ አምጥቻለሁ» የምትሉኝ አላችሁ። ጎበዝ ስለሆናችሁ ነዋ! ክሬዲቱን ለምን ለቅጠል ትሰጣላችሁ?

ውጭ ላላችሁት ደግሞ ሕጉን ልንገራችሁ፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች፣ ኔዘርላንድስ ከእሷ ቀድማ። እስራኤል የሚገርም ነው። የየመን አይሁዶች ይዘውት የገቡት እርጥብ ቅጠል ይቃማል፣ ካቲኖኑን አውጥተው «ሐጊጋት» እያሉ በእንክብል ሲሸጡት ግን ታገደ። አሜሪካ ያላችሁ፣ «ደርቋል እኮ» በሚለው አትሸወዱ። ካቲኖኑ ቢጠፋ ካቲኑ አለ፣ እሱም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርዝር ውስጥ ነው። «እናቴ የላከችልኝ ሻይ ቅጠል ነው» የምትለዋን ደግሞ ጉምሩክ ከእናንተ በፊት ሰምቷታል።