ሰንሰለቱ ዜሮ ያለን ማታ

እንደምን አመሻችሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሳያስቀራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ ደርባችሁ የመጣችሁ ብልሆች ናችሁ። እኔ በሸሚዝ ነኝ፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ባወራ ይቅርታ።

ኮንቴይነር ሲባል ሱቅ የሚከፈትበት የብረት ሳጥን የሚታያችሁ አትጠፉም። እኔ የማወራው ስለ ዶከር ነው። ነገሩ ግን ብዙም አይራራቅም። ፕሮግራሙ ከነጓዙ ይታሸጋል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስታወርዱት ሥራውን ይጀምራል።

ከጓደኞቼ ጋር የመዋጮ መተግበሪያ ሠርተናል። ሐሳቡ የመጣው ከእድር ነው። በእድር ደብተሩን የሚይዘው ገንዘብ ያዡ ነው። ደብተሩን ሁሉም የሚያየው፣ ማንም የማይፍቀው ቢሆንስ አልን። ኢቴሪየም በሚባለው ብሎክቼይን (በሰንሰለት የተያያዘ የጋራ መዝገብ) ላይ ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም ውሉን በራሱ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ጻፍን። እስከ ቀነ ገደቡ የታሰበው መጠን ካልሞላ፣ የሰጠ ሰው ገንዘቡን መልሶ ይወስዳል። እውነተኛ ገንዘብ ግን አልነካንም፤ ሁሉም ሙከራ ነው።

አራት ኮንቴይነር አለን፦ ድረ ገጹ፣ ከጀርባ የሚሠራው ፕሮግራም (ባክኤንዱ)፣ መረጃ የሚቀመጥበት የፖስትግሬስ ዳታቤዝና ሃርድሃት በሚባል መሣሪያ የሚነሳው የሙከራ ብሎክቼይን (ሰንሰለቱ የምለው እሱን ነው)። ብዙ ኮንቴይነር አብሮ በሚያስነሳው በዶከር ኮምፖዝ፣ በአንድ ትእዛዝ አራቱም ይነሳሉ። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ባክኤንዱ ሰንሰለቱን ሎካልሆስት 8545 በሚል አድራሻ፣ ማለትም «እዚሁ ኮምፒውተር ላይ» ሲፈልግ ዋለ። ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት እኮ ራሱ ኮንቴይነሩ ነው! ጎረቤትን የራስ ጓዳ ውስጥ መፈለግ ነው። ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ለሰንሰለቱ ያወጣንለትን ስም ስንሰጠው ወዲያው ተገናኙ። ድረ ገጹ ግን የሚሮጠው የተጠቃሚው ብራውዘር ላይ ስለሆነ ያንን ስም አያውቀውም። ለእሱ ሌላ አድራሻ ያስፈልገዋል። ግማሽ ቀናችንን በላው።

ዳታቤዙም ነበር። ተነሳ ማለት ተዘጋጀ ማለት አይደለም፤ ሰውም ከአልጋው ወርዶ ቡና እስኪጠጣ ሰው አይሆንም። ዳታቤዙ መዘጋጀቱን የሚፈትሽ ሄልዝቼክ ጨመርን፣ አለፈ።

ዋናው ጉድ የመጣው ሥራችንን ልናሳይ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። መብራት ሄደ። ሲመለስ ሁሉንም አስነሳሁ። ዳታቤዙ 12 ሰው አዋጥቷል ይላል። ሰንሰለቱን ስጠይቀው ዜሮ። ኮንትራቱ ራሱ የለም!

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ፖስትግሬስ ቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የሚቆይ ማከማቻ) ስለነበረው መረጃው ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ሃርድሃት ግን የሙከራ ሰንሰለቱን ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሲጠፋና ሲነሳ ከብሎክ ዜሮ ይጀምራል። ብሎክቼይን አይሰረዝም የሚባለው ብዙ ኮምፒውተሮች ቅጂውን ስለሚይዙት ነው። የእኛን የያዘው አንድ ላፕቶፕ ነበር። የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። የእሳቸው ደብተር መብራት ቢሄድም የትም እንደማይሄድ አስታወሱኝ።

አሁን ለሰው የምናሳየው ሴፖሊያ በሚባለው ሕዝባዊ የሙከራ ኔትወርክ ላይ ነው። ባክኤንዱም ሲነሳ መጀመሪያ በኮንትራቱ አድራሻ ላይ ኮድ መኖሩን ይጠይቃል። ከሌለ አልነሳም ይላል። የዳታቤዙን ማዕረግም ዝቅ አድርገነዋል፤ የሰንሰለቱ ግልባጭ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተጣሉ ዳታቤዙን አጥፍተን ከሰንሰለቱ መዝገብ እንደገና እንሞላዋለን።

ኮዱ ላፕቶፔ ላይ ነው፤ ማየት የምትፈልጉ ቀረብ በሉ። ጥያቄም ካላችሁ መብራቱ ሳይሄድ ቶሎ በሉ።