ጸሎትና የበለስ ጥፍጥፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት፣ በተለይ ደግሞ ቤት ውስጥ ወይም ሆስፒታል የምታስታምሙት ሰው እያለ ጊዜ ቆርጣችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ከአንድ የታመመ ንጉሥ እንነሣ። ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ። ነቢዩ ኢሳይያስ ገብቶ «ትሞታለህና ቤትህን አስተካክል» የሚለውን መልእክት ነግሮት ወጣ። ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጸለየ፣ አምርሮም አለቀሰ። ኢሳይያስ ከግቢው ሳይወጣ የእግዚአብሔር ቃል መለሰው፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ታሪኩን ስንተርክ አብዛኞቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ቀጥሎ ያለችውን አንዲት ቁጥር፣ ሁለተኛ ነገሥት 20፥7ን፣ ዘለን እናልፋለን። ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡልኝ አለ፤ አምጥተው በእባጩ ላይ አደረጉለት፣ ተፈወሰም። ጸሎቱ ተሰምቷል፣ ዕድሜው ተጨምሯል፣ የተስፋው ቃል ከነቢይ አፍ ወጥቷል፤ በለሱም ግን አልቀረም።

ሌላም የምንዘለው ነገር አለ። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ ይኸው ንጉሥ የአሦሩን ንጉሥ የሰናክሬምን የማስፈራሪያ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ቤተ መቅደስ ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘርግቶት ሲጸልይ እናገኘዋለን። ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲመልስ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ በጤና ጊዜ ስለሚለመደው ጸሎት፣ በሕመም ጊዜም ጸሎቱና በለሱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ።

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። መነሻው «ስለ ጽድቅህ ፍርድ ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» የሚለው የዳዊት ቃል ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ የታደልን ነን፤ የሰዓት አቆጣጠራችን የመጽሐፍ ቅዱሱን ይመስላልና። መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ጴጥሮስ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው ያለው የእኛው የጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ለጸሎት ሰገነት ላይ የወጣው በእኛው እኩለ ቀን ነው። ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸበት፣ ጴጥሮስና ዮሐንስም ወደ መቅደስ ሲወጡ ሽባውን ያገኙበት ዘጠኝ ሰዓት ያው ዘጠኝ ሰዓት ነው። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ግን ስልካቸው ሦስት ሰዓት እያለ «ዘጠኝ» መባሉ ግራ ያጋባቸዋልና ማስረዳት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እውነታው እንምጣ። ሰባቱንም ሰዓት ጠብቆ መቆም ለመነኮሳትም ተጋድሎ ነው። ደሞዝተኛው፣ ነጋዴው፣ ሕፃን የምታጠባ እናት ከየት ይጀምሩ? ከጉባኤ ወይም ከገዳም ጉዞ መልስ የምንሠራው ስሕተት የታወቀ ነው። በሞቀ ልብ ውዳሴ ማርያሙን፣ ሙሉ ዳዊቱን፣ ድርሳኑን፣ መልክአ መልክኡን በአንድ ጊዜ እንሸከማለን። ሁለት ሳምንት እንሄዳለን። ከዚያ አንድ ቀን እንቅልፍ ያሸንፈናል፣ በማግስቱ የትናንቱን ዕዳ ለመክፈል እንሞክራለን፣ በሦስተኛው ቀን ዕዳው ስለሚከብድ ጨርሰን እንተዋለን። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ልኩን ሳይለካ ተሸክሞ ነው። ያመለጠ ጸሎት ዕዳ ሆኖ አይከማችም። ንስሐ ግባበት፣ የዛሬውን ጸልይ፣ እለፍ።

ለጀማሪ 10 ደቂቃ ጠዋት፣ 10 ደቂቃ ማታ በቂ ነው። ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ ነጠላን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ መቆም። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትቦ በስመ አብ ማለት፣ አባታችን ሆይና እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ ከዚያ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ወይም አንድ መዝሙር፣ በመጨረሻም በራስ ቃል ሁለት ደቂቃ። ይህችን በራስ ቃል የምትባለዋን ብዙ ሰው ይፈራታል፤ ቃል የሚያጣ ይመስለዋል። ማመስገን፣ የዛሬውን በደል በስሙ ጠርቶ ማመን፣ የሚለመነውን መለመን፣ ስለ ሌላ ሰው መለመን፣ ከዚህ ሌላ ምንም የለባትም። «በድያለሁ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ «ዛሬ የሠራተኛዬን ደሞዝ በማይረባ ምክንያት አዘገየሁ» ማለት ግን ነገ ጠዋት አንድ ነገር ያስደርጋል። መንፈሳዊ ዕድገት የሚባለው ነገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ዳዊት መድገም የሚፈልግ ሰው የመጽሐፉን አከፋፈል ቢጠቀም ይጠቅመዋል። 150ው መዝሙር በ15 «ንጉሥ» ተከፍሏል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም ሰው በ15 ቀን ይዘልቀዋል። እሱም ከበዛ ግማሽ ንጉሥ፤ በወር ያልቃል። መጠኑን ግን ለራሱ የሚቆርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ያበዛዋል ወይ ያሳንሰዋል፤ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ያለብን ለዚህ ነው።

ሐሳብ መበተንስ? አፍ ይደግማል፣ ልብ ገበያ ይሄዳል። ብዙዎች ሐሳባቸው በተበተነ ቁጥር ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ጸሎትን ያስጠላል። መበተኑን ባወቅህበት ቁጥር ላይ ቁምና ከዚያው ቀጥል። በዓይን ብቻ ከማንበብ ከንፈርን ማንቀሳቀስ፣ ለጆሮ የሚሰማ ያህል ድምፅ ማውጣት ይረዳል። ግእዙን የማትሰማ ከሆነ በአማርኛው ጸልይ፤ እግዚአብሔር ሁለቱንም ይሰማል፣ አንተ ግን የምትሰማው አንዱን ነው። ስልክ ላይ የምታነቡ ደግሞ መጀመሪያ ኔትወርኩን አጥፉት፤ ውዳሴ ማርያም መካከል ላይ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ካለ ማን እንደሚያሸንፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። የማታውን ጸሎት አልጋ ላይ ጋደም ብሎ መጀመር በ«አቡነ ዘበሰማያት» እና በ«ትምጻእ መንግሥትከ» መካከል መተኛት ነው፤ ከእራት በፊት አድርጉት።

ስግደትን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ። በሰንበትና በበዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፣ ከቆረቡም በኋላ አይሰገድም። የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸልይ፤ አንገቱን ዝቅ ማድረጉ ይበቃዋል።

ጸሎትን ከስንፍና ይልቅ የሚዘጋው ግን ቂም ነው። ጌታ «ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት» ብሏል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ሲያዝ ምክንያቱን ይናገራል፤ ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ይላል። ሚስቱን አስለቅሶ ወጥቶ ኪዳን ላይ ለሚቆም ሰው ይህች ቃል ከባድ ናት። (ሳቃችሁን እሰማለሁ፤ የሳቁት ሚስቶቹ ናቸው።)

እንግዲህ ወደ ሕመሙ። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የታመመ ሰው ካህናትን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ብሎ አዟል። ምሥጢረ ቀንዲል የሚፈጸመው በዚህ ነው፤ ሥርዓቱ ሰባት ካህናትና ሰባት የመብራት ክሮች ይላል፣ ካልተገኘ ባሉት ይፈጸማል። እኛ ዘንድ ግን ቀንዲል የመሞቻ ምልክት ተደርጎ ስለሚታሰብ በሽተኛው እንዳይደነግጥ እየተባለ ይዘገያል። ያዕቆብ የጻፈው ለሚሞት ሰው አይደለም፤ «ጌታም ያስነሣዋል» ነው የሚለው። በሽተኛው አእምሮው ንቁ ሳለ፣ መናዘዝ ሲችል ካህናቱን ጥሩ።

ከመጻሕፍቱ መካከል መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሁሉም አስታማሚ ሊያነበው የሚገባ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ስትታመም ጸልይ፣ ከበደልህ ተመለስ፣ መባህን አቅርብ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው ይላል። ሐኪሙን እግዚአብሔር ፈጥሮታልና፣ መድኃኒቱም ከምድር የተገኘ የእርሱ ነውና። «እምነት ያለው ሰው ኪኒን አይውጥም» የሚል ሰው የሚከራከረው ከሐኪም ጋር ሳይሆን ከመጽሐፉ ጋር ነው። ይህ ክርክር በአገራችን ሰው አስከፍሎናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት እንጦጦ ጠበል ከተጠለሉት ብዙዎቹ መድኃኒቱን መውሰድ እምነትን መካድ መስሏቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ጉዳዩ በአባቶች ደረጃ የተቆረጠ ነው።

በአልጋው ዙሪያ ግን ዛሬም ስሕተት ይሠራል። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ያለበትን ሰው አስቡ። ሐኪሙ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ ብሏል። አክስቱ በሃይላንድ ጠበል ይዛ ማልዳ ትመጣለች፣ «ጠበል እኮ ነው» ብላ ሁለት ጉንጭ ታጎነጨዋለች። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው በሆዱ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ እገዳው ለዚህ ነው፣ ጠበሉም ለሆድ ያው ፈሳሽ ነው። ፊቱን አብሱት፣ ግንባሩን ቀቡት፣ መጠጣቱን ሐኪሙ ሲፈቅድ። ኩላሊቱ የደከመና እጥበት ላይ ያለ፣ ወይም ልቡ ደክሞ እግሩ ያበጠ ሰው በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ ከተለካ ጠበሉ በልኩ ውስጥ ይቆጠር። በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ በጠበል ቦታ የተለመደ ነው፤ ኪኒን ተውጦ ብዙ ሳይቆይ ካስመለሰው ኪኒኑም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጠበሉ ይቅደም፣ ሆድ ይርጋ፣ ከዚያ ኪኒኑ፤ ሰዓቱን የጠበቀ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ የጠበሉን ሰዓት ለመድኃኒቱ አስተካክሉ። እምነት የሚባለውንም የተባረከ አመድ ወይም አፈር ግንባር ላይ እንጂ ክፍት ቁስል ላይ አትነስንሱ፤ ቁስሉ ያመረቅዛል።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ ቅዳሴ ቢቆም ወይም ጠበል ቢወርድ ስኳሩ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል፣ ይወድቃል። በዙሪያው ያለው ሰው «መንፈሱ ተነሣበት» ብሎ መቁጠሪያ ይዞ ሲሰበሰብ የሚያስፈልገው ስኳር በውሃ ነው፤ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ይሰጠው፣ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨመር ወደ ሐኪም ይሩጥ። ጾሙም የታመመውን አያስገድደውም፤ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ያቋረጠ ሰው ቀድሞ ከነበረበት በባሰ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል። ማቴዎስ በምዕራፍ 4፥24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ለየብቻ ጠርቷል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ አንቀላቅል።

የታመመ ሰው ራሱ ምን ይጸልይ? ጥቂት። መጽሐፍ መያዝ የማይችል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ላይ ረጅም ድርሳን ማንበብ እርሱን ማድከም ነው። «አቤቱ ማረኝ» ይበቃዋል፤ አስታማሚው መዝሙር 6ን ወይም 90ን ቀስ ብሎ ያንብብለት፣ አቁሞም ዝም ይበል። አልጋውን ከበው ሦስት አራት ሰዎች በየተራ የሚጸልዩበት፣ አጠገቡ ያለው በሽተኛ ደግሞ እንቅልፍ ያጣበት ክፍል የፍቅር ሥራ አይመስለንም። አስታማሚዋም ሰው ናት፤ ተተክቶላት አንድ ሌሊት ቤቷ ሄዳ ብትተኛ ያ ራሱ ስለ በሽተኛው የተደረገ ጸሎት ያህል ነው።

ጸልየን፣ ታክመን፣ ቀንዲል ተቀብተን ፈውሱ የማይመጣበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ «እምነት ስለጎደለህ ነው» የሚል ጠያቂ ወደ ክፍሉ ባይገባ ይሻላል። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መልሱ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነበር፣ መውጊያውም አልተነቀለም። በጨርቁ ድውያን የተፈወሱለት ይኸው ሐዋርያ «ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል፤ ለራሱ ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ አዞታል። ጥሮፊሞስን እምነት የጎደለው ብሎ አልጻፈበትም። የታመመ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ታሞ ቀረ ብሎ ጻፈ።

ከጉባኤው በኋላ አባቶች በአዳራሹ በስተቀኝ ይቀመጣሉ፤ ቀንዲል ለማስቀባት የምትፈልጉ፣ የጸሎት መጠናችሁንም ለመነጋገር የምትፈልጉ ቅረቡ። ወደ ሆስፒታል የምትመለሱ ቅድሚያ ይሰጣችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።