ከቆርቆሮ የተሠራችው የላም ሆልም ጸሎት ቤት

ክቡራትና ክቡራን፣

ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል፣ ላም ሆልም የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በላይዋ ስላለችው ካቶሊካዊት ጸሎት ቤት ስናገር አሠራሯ ላይ እቆያለሁ፤ ታሪኳ ያለው በተሠራችበት ቁስ ውስጥ ነውና።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1939 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ወዳለው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መልሕቅ መጣያ፣ ወደ ስካፓ ፍሎው ገብቶ ሮያል ኦክ የተባለችውን የብሪታንያ የጦር መርከብ አሰጠመ፤ ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ። ስለዚህ የባሕሩን መግቢያዎች በድንጋይና በኮንክሪት መድፈን ግድ ሆነ። በ1942 ለሥራው የመጡት በሰሜን አፍሪካ የተማረኩ ጣሊያናውያን ነበሩ። ምርኮኛን በጦር ሥራ ማሰማራት በጄኔቭ ስምምነት ስለተከለከለ፣ ግንቡ ደሴቶቹን የሚያገናኝ መንገድ ነው ተባለ። ዛሬም መኪና ይሄድበታል።

በ1943 መገባደጃ ለጸሎት ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ተሰጧቸው። ኒሰን የሚባሉት እነዚህ ቤቶች ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ በርሜል ይመስላሉ። ጫፍ ለጫፍ ገጠሟቸውና አንድ ረጅም አዳራሽ ሆኑ። ሸንተረራማውን ቆርቆሮ ከውስጥ በጂፕሰም ቦርድ አለበሱት፤ የሞኤናው ሠዓሊ ዶሜኒኮ ኪዮኬቲም ጡብና ጥርብ ድንጋይ ሳለበት። እጅ ካላረፈበት በስተቀር ሥዕል መሆኑ አያስታውቅም። ከመንበሩ በላይ እመቤታችንን ከነልጇ የሣላት እናቱ ከሰጠችው ትንሽ ምስል ላይ አይቶ ነው።

መንበሩ ከግንቡ ሥራ የተረፈ ኮንክሪት ነው። የመብራት መያዣዎቹ የሥጋ ጣሳዎች ነበሩ። መጠመቂያው ውስጡ የመኪና ማርሚታ፣ ላዩ ኮንክሪት ነው። ውብ የሆነውን የብረት መከለያ ብረት ቀጥቃጩ ጁዜፔ ፓሉምቢ ሠራው። ፊት ለፊት ደግሞ የቆርቆሮውን ቅርጽ የሚደብቅ የኮንክሪት ገጽ አቆሙ፤ ወደ ጎን ዞር ሲሉ ግን ቆርቆሮው ይታያል።

ይህ ብልሃት ድካምም አለው። የባሕር ጨው ቆርቆሮን ያዝጋል፤ የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ እርጥበት የጠጣ ጂፕሰም ያብጣል፣ ቀለሙም ይላጣል። የግድግዳው ሥዕል ያለው በዚያው ጂፕሰም ላይ ስለሆነ፣ ቦርዱን ቀይሮ ሥዕሉን ማትረፍ አይቻልም። ስለዚህ ጥገናው መጀመር ያለበት ከጣሪያው ነው፤ ብሩሽ የሚነሳው ውኃው ከቆመ በኋላ ነው።

በመስከረም 1944 ምርኮኞቹ ሲሄዱ ኪዮኬቲ መጠመቂያውን ለመጨረስ ወደ ኋላ ቀረ። ካምፑ ሲፈርስ ጸሎት ቤቷ ተረፈች። በ1958 የጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመላት፤ በ1960 ኪዮኬቲ ራሱ ተመልሶ የተጎዳውን ሥዕል አደሰ። በ1964 ከባለቤቱ ጋር ዳግም ሲመጣ፣ ከእንጨት የተቀረጹ 14 የፍኖተ መስቀል ምስሎችን ይዞላት መጣ።