አንድ ሰው፣ ስንት ድምፅ? ወጋየሁ ንጋቱ በድሬ ጆሮ

(ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የቀትር ጥላ። ከበስተኋላ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግ ይሰማል።)

ድሬዎች፣ እንዴት ናችሁ? እስቲ ይቺን አንብቡ፦ «ልጁ አለ።»

ምን አላችሁ? «ለ»ን ካላላችኋት ልጁ ተናገረ፤ ካጠበቃችኋት ልጁ ቤት ነው። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም። በልብ ሲነበብ ችግር የለም፣ ተሳስተን እንመለሳለን። ማይክራፎን ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ወዴት ይመለሳል?

ሁለተኛው ጣጣ ይብሳል። በልቦለዶቻችን ብዙ ጊዜ ንግግሩ ይቀድምና «አለ በዛብህ»፣ «አሉ ፊታውራሪ» የሚለው ከኋላ ይመጣል። ስለዚህ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ስሙ ሳይጠራ የንግግሩን ባለቤት በድምፁ ማሳወቅ አለበት። ከመጀመሪያዋ ቃል!

(ምስል፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የተገለጠ ገጽ።)

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ። ብቻውን። ተራኪውም እሱ፣ በዛብህም እሱ፣ ሰብለ ወንጌልም እሱ፣ ጉዱ ካሳም እሱ።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ ቴአትር ሃንጋሪ ድረስ ሄዶ ተምሯል። መድረክ ላይ ካባው፣ መብራቱ፣ አረማመዱ ያግዛል። ሬዲዮ ይህን ሁሉ ቀምቶ ትንፋሽና ዝምታ ብቻ ይተውለታል። እኔ ከቃሉ ይልቅ ዝምታውን ነው የምወድለት። ፊታውራሪ መሸሻ ከመቆጣታቸው በፊት ያለችውን ፋታ ልብ ብላችሁ ስሟት፤ የቤቱ አሽከር እናንተ ትሆናላችሁ።

(ምስል፦ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ።)

ታዲያ ይሄ የጎጃም ታሪክ፣ የዲማና የማንኩሳ ነገር፣ ድሬ ላይ ምን አገናኘው? እኛ እኮ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» የምንል ሰዎች ነን። «እርስዎ» የሚባለው ነገር በደንብ የገባኝ ከዚያ ትረካ ነው፤ ማን ለማን ጎንበስ እንደሚል፣ ማን እንደማይል። ጉዱ ካሳ ጎንበስ አይልም፤ እኛ ሰፈር ቢወለድ ማንም «ጉዱ» አይለውም ነበር።

ቴአትሩ እዚህ እንግዳ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፦ አዘጋጁ፣ ተዋናዩና ጸሐፊው ተስፋዬ ገሠሠ የተወለደው እዚሁ ሐረርጌ፣ ጎሮ ጉቱ ነው። እሱን ሌላ ቀን።

(ምስል፦ አሮጌ ሬዲዮ፣ መስኮት ላይ።)

የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ አጎቴ ትረካውን የሚጫወቱት ብዙ ሰዎች ይመስሉት ነበር። አንድ ሰው ነው ስለው ሬዲዮውን ዝቅ አደረገና፣ «አቦ ተወኝ!» አለኝ። «ፊታውራሪን እኮ በድምፁ አውቀዋለሁ።»