የአባቱን ስም ትቶ የጻፈው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ዝግጅት ስለ አሜሪካዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለ ጆ ሂል ነው፤ ይሁንና ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ስለ አባቱ አንድ ነገር ማንሳት ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳውቅ።

በ1984 ሪቻርድ ባክማን የሚባል ደራሲ፣ በደረሰበት እርግማን ምክንያት በየቀኑ እየከሳ ስለሚሄድ ጠበቃ የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ ወደ 28,000 ቅጂ ያህል ተሸጠ፤ እምብዛም ለማይታወቅ ደራሲ ይህ የሚያስከፋ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ግን በዋሽንግተን የመጻሕፍት መደብር ውስጥ የሚሠራ አንድ አንባቢ፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የቅጂ መብት ሰነዶችን አገላብጦ፣ ባክማን ማለት ዝነኛው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ፣ የጆ ሂል አባት ስቲቨን ኪንግ መሆኑን ደረሰበት። ነገሩ ይፋ በወጣ ጊዜ ያው መጽሐፍ 280,000 ያህል ተሸጠ። ታሪኩ አልተለወጠም፣ ዓረፍተ ነገሮቹም አልተለወጡም፤ የተለወጠው አንባቢው ስለ ደራሲው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ የኪንግ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ዕድሜው አሥራ ሁለት ነበር። ስም በመጽሐፍ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው በገዛ ቤቱ ያየ ልጅ ነው ማለት ነው።

ልጁ በ1972 ሲወለድ ቤተሰቡ ሜይን ግዛት ውስጥ በድህነት ይኖር ነበር። አባቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ማታ ማታ ይጽፋል፤ እናቱ ታቢታም ደራሲ ናት። ባሏ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቆሻሻ መጣያ የወረወራቸውን ገጾች አንሥታ አንብባ፣ «ቀጥልበት» ያለችው እርሷ ናት። እነዚያ ገጾች በ1974 የታተመው «ካሪ» ሆኑ፤ ወረቀት ልባስ ሆኖ የሚታተምበት መብትም በ400,000 ዶላር ተሸጦ ግማሹ ለኪንግ ደረሰው። ጆ እንግዲህ ድህነቱን ለማስታወስ ገና ሕፃን የነበረ፣ ዝናውን ግን ነፍስ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ የኖረበት ልጅ ነው። ያደገው ባንጎር ከተማ ውስጥ፣ የሌሊት ወፍ ምስል በተሠራበት የብረት አጥሩ ዛሬ ድረስ ጎብኚዎች ፎቶግራፍ በሚነሡበት ትልቅ ቤት ነው።

ከዚያ ቤት ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ የካሴቱ ነገር ነው። የድምፅ መጻሕፍት እንደልብ በማይገኙበት በዚያ ዘመን፣ አባትዬው መኪና ሲነዳ የሚያዳምጣቸውን ልብ ወለዶች ልጆቹ ጮክ ብለው እያነበቡ እንዲቀዱለት ያደርግ ነበር። አንድ ሕፃን ለአባቱ ሲል አንድ ሙሉ ልብ ወለድ፣ ከነነጠላ ሰረዙ ከነአራት ነጥቡ፣ በገዛ አንደበቱ ሲወጣው አስቡት። ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ ንግግር መቼ እንደሚያሰለች፣ ምዕራፍ ምን ላይ ሲቆም አንባቢ ገጹን እንደሚገልጥ ጆሮው ይለምደዋል። ይህን ትምህርት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በገንዘብ መግዛት የሚቻል አይመስለኝም። ኋላ ላይ ስለ መደበቅ ስናወራ ይህንን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ልጁ በአደባባይ የታየበት አጋጣሚም ነበር። ጆርጅ ሮሜሮ አዘጋጅቶት በ1982 ለእይታ በበቃው «ክሪፕሾው» በተሰኘው ፊልም ውስጥ፣ የሚወደውን የአስፈሪ ታሪክ ኮሚክስ አባቱ የሚጥልበትን ቢሊ የተባለ ልጅ ሆኖ የተወነው እርሱ ነው። የፊልሙን ድርሰት የጻፈው ደግሞ እውነተኛው አባቱ ነበር።

ሙሉ ስሙ ጆሴፍ ሂልስትሮም ኪንግ ነው። ወላጆቹ ይህን ስም ያወጡለት ከስዊድን ተሰዶ አሜሪካ በገባው የሠራተኞች መብት ታጋይና የዘፈን ደራሲ መታሰቢያ ነው፤ ያ ሰው በ1915 ዩታ ግዛት ውስጥ በግድያ ተከስሶ በጥይት ተረሽኗል። ሲወለድ የወጣለት ስም ሌላ ሲሆን፣ ጆሴፍ ሂልስትሮም፣ ባጭሩም ጆ ሂል፣ በስደት አገሩ የያዘው መጠሪያ ነበር። እንግዲህ የኪንግ ልጅ ከቫሳር ኮሌጅ ወጥቶ በ1990ዎቹ አጋማሽ ታሪኮቹን ወደ መጽሔቶች መላክ ሲጀምር የመጨረሻውን ስም ጣለ፣ መካከለኛውን አሳጠረ፣ ጆ ሂል ሆነ። በእኛ ባህል የአባት ስም ከልጁ ስም ኋላ ስለሚከተል፣ የደራሲ ልጅ እንዲህ ላድርግ ቢል ሽፋኑ ራሱ ያጋልጠዋል።

ለምን እንዳደረገው በተለያዩ ቃለ ምልልሶች አስረድቷል። ፍርሃቱ ሥራው ይጣልብኛል የሚል አልነበረም፤ ሥራው ደካማ ሆኖ ሳለ በአባቱ ስም ምክንያት ይታተምልኛል የሚል ነበር። በእኔ አስተያየት የጆ ሂል የሥነ ጽሑፍ ሕይወት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ታሪኩን ሲያወሩ ከአባቱ ጥላ ለመውጣት የተደረገ ዐመፅ፣ ወይም የኩራት ጉዳይ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ ግን የምረዳው የሐቀኛ እምቢታ ፍለጋ አድርጌ ነው። የታዋቂ ሰው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚቸግረው «አይሆንም» የሚለው ሰው ማግኘት ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን አንድ ወጣት ረቂቁን ለሚያውቀው ሰው ሲሰጥ፣ ተቀባዩ በይሉኝታ ተይዞ ግሩም ነው በርታ ብሎ ይመልስለታል፤ ወጣቱም ምን ማስተካከል እንዳለበት ሳያውቅ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ጆ ሂል ይሉኝታ የሌለበት ፍርድ ፈለገ፤ አገኘውም። ለአሥር ዓመት ያህል ደጋግመው መለሱት። የጻፋቸውን ልብ ወለዶች የሚያሳትምለት ጠፋ። የሥነ ጽሑፍ ወኪሉ እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቅ ለዓመታት አብሮት ሠርቷል።

የተደበቀው ስም ያመጣው ሌላም ውጤት ነበር፤ ይህኛው ደግሞ የሚጠበቅ አልነበረም። በመጀመሪያ ከአባቱ መስክ ለመራቅ ሲል የዕለት ተዕለት ሕይወትን የሚተርኩ ረጋ ያሉ ታሪኮችን ይሞክር ነበር። ማንም እንደማያውቀው ሲረጋገጥለት ግን የሚወደውን፣ ማለትም መናፍስትንና ቅዠትን፣ ያለ ሥጋት መጻፍ ቻለ። ስሙን የተወው ልጅ ወደ አባቱ የእጅ ሥራ የተመለሰው ስሙን በመተዉ ነው ማለት ይቻላል።

የእነዚያ ዓመታት ፍሬ በ2005 እንግሊዝ ውስጥ በአንድ አነስተኛ አሳታሚ የወጣው «የ20ኛው ክፍለ ዘመን መናፍስት» የተሰኘው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድብል ነው። መጽሐፉ የብራም ስቶከር ሽልማትን አግኝቷል፤ የእንግሊዞቹን የፋንታሲ ሽልማትም እንዲሁ። በውስጡ ካሉት አንዱን ብቻ ላንሣ። «ፖፕ አርት» ይባላል። ተራኪው ልጅ አርተር የሚባል ጓደኛ አለው፤ አርተር በአየር የተነፋ የፕላስቲክ ልጅ ነው። ደራሲው ለምንና እንዴት ብሎ ማብራሪያ አይሰጥም፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ልጆች አልፎ አልፎ ይወለዳሉ፣ በቃ። አርተር መናገር አይችልም፤ ሐሳቡን የሚገልጸው በወረቀት ላይ በመጻፍ ነው፤ የሚጽፈውም በክሬዮን ነው፤ ሹል ነገር ቢወጋው ይፈነዳላ። አንባቢ ይህችን ክሬዮን ካመነ በኋላ የቀረውን ሁሉ ያምናል። ታሪኩ አስቂኝ ሆኖ ይጀምራል፤ ጥቂት ገጾች ሲያልፉ ግን አንድ ልጅ ሌላውን ልጅ ከጎረምሶችና ከስለት ለመጠበቅ ሲደክም እናያለን፤ እኔም እዚያ ላይ ሳቄን ማቆሜን አስታውሳለሁ።

ምሥጢሩ ብዙ አልቆየም። መልኩ አባቱን ቁርጥ ስለሆነ በየመድረኩ ያዩት አንባቢዎች መጠርጠር ጀመሩ፤ በ2006 «ቫራይቲ» የተሰኘው የመዝናኛ ጋዜጣ አወጣው፤ እርሱም በ2007 የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዱ «የልብ ቅርጽ ያለው ሣጥን» ሲታተም አመነ። የዚህ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ጁዳስ ኮይን የሚባል ያረጀ የሮክ ሙዚቀኛ ነው፤ በኢንተርኔት ጨረታ የአንድ ሟች ሰው ሙሉ ልብስ ይገዛል፣ ከልብሱም ጋር መንፈሱ ይመጣበታል። ጁዳስ ኮይን ግን እውነተኛ ስሙ አይደለም። ከጨካኝ አባቱ ቤት ሸሽቶ ከወጣ በኋላ ራሱ ያወጣው ስም ነው፤ በታሪኩም መጨረሻ አካባቢ ወደዚያው ቤት ይመለሳል። በ2010 የወጣው «ቀንዶች» ደግሞ አባቱም ወንድሙም ስመ ጥር ሙዚቀኞች ስለሆኑበት ወጣት ነው። ከሠዓሊው ጋብርኤል ሮድሪጌዝ ጋር የሠራው «ሎክ ኤንድ ኪ» የተሰኘው ኮሚክስ፣ በ2011 የአይዝነር ሽልማት ያስገኘለት፣ አባታቸው የተገደለባቸው ልጆች በአባታቸው ቤተሰብ አሮጌ ቤት ውስጥ ምትሐታዊ ቁልፎች ሲያገኙ ይጀምራል። ሽፋኑ ላይ ያልነበረው አባት በየታሪኩ ውስጥ ነበረ። ይህን የምለው የጆ ሂልን እውነተኛ ቤተሰብ ከልብ ወለዱ ለማውጣት ፈልጌ አይደለም፤ የእርሱ አባት ከጁዳስ አባት ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም።

ታናሽ ወንድሙ ኦወን ሌላ መንገድ መረጠ። ኪንግ የሚለውን ስም እንደያዘ ጻፈ፣ በ2005 የመጀመሪያ መጽሐፉን አወጣ፣ ኋላም ከአባቱ ጋር ሆኖ አንድ ግዙፍ ልብ ወለድ አሳተመ። ከሁለቱ ማንኛው ትክክል ነበር የሚለው ጥያቄ እምብዛም አያስጨንቀኝም። የጆ ሂል ውሳኔ ግን ሰዎች እንደሚያሞካሹት የተሟላ እንዳልነበረ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ስሙን መደበቅ ቻለ፤ ካሴቱን ግን መደበቅ አይችልም። በየቀኑ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ አባትና እናት እያየ ማደጉን፣ ልብ ወለድ መጻፍ እንደማንኛውም ሥራ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ከሕፃንነቱ ማወቁን፣ አሥር ዓመት ሙሉ ቢመልሱት እንኳ የሚደገፍበት ቤተሰብ ያለው መሆኑን ከላይ የጣለው ስም አይወስድበትም። ከማንም በታች የጀመረ አይደለም። የአርታኢው ጠረጴዛ ላይ ግን፣ ቢያንስ እዚያች ቦታ ላይ፣ ከማንም ጋር እኩል ሆኖ ተሰልፏል፤ እኔ የማከብርለት ይህንን ነው።

ስሙ ከታወቀ በኋላ አባቱን መሸሽ አላስፈለገውም። በ2009 የሪቻርድ ማቲሰንን አንድ ታሪክ መነሻ አድርገው አብረው አጭር ልብ ወለድ ጻፉ፤ በ2012 ደግሞ በረጃጅም ሣር ውስጥ ጠፍተው ስለሚቀሩ ሰዎች ሌላ ደገሙ። በ2016 የወጣው ረጅም ልብ ወለዱ በኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ትልልቆቹ ልብ ወለዶች አንዳንድ ጊዜ ይንዛዙብኛል፤ አጫጭሮቹን ግን ደጋግሜ አነባለሁ።

ለዚህ አስተያየቴ አንድ ማስረጃ አለኝ። በ2022 በየሲኒማ ቤቱ ታይቶ በመላው ዓለም ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው «ብላክ ፎን» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በ2004 በአንዲት አነስተኛ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ከወጣ አጭር ታሪኩ ነው። ምድር ቤት ውስጥ የታገተ ልጅ ገመዱ በተቆረጠ ስልክ ከሙታን ጋር ይነጋገራል። ታሪኩ በእዚያው በመጀመሪያው መድብል ውስጥ ይገኛል፤ ጆ ሂልን አንብባችሁ የማታውቁ ከሆነ ከእርሱና ከአርተር ጀምሩ፣ ቀንዶቹንና ቁልፎቹን በኋላ ትደርሱባቸዋላችሁ። ለዛሬ እዚህ ላይ ላብቃ፤ ደኅና ሁኑ።