ጀርባውንም እዩት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ልጆቼ፤ እንኳን ለሚያዝያ 27 የድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

በመሀረብ ጠቅልዬ ያመጣሁት የልብስ ቁልፍ ነው። እዚሁ ሱሉልታ የቤት መሠረት ሲቆፈር ወጣ። ቆፋሪው ልጅ ልብስ ሰፊ መሆኔን ያውቃልና ሱቄ ድረስ አመጣልኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ከአፈር የወጣ ግን ይዤ አላውቅም ነበር። እንደ ናስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። አብረቀረቀ። የወርቅ ቅቡ ግን ተላጠ፤ የጀርባው ጽሑፍም ግማሹ ጠፋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እባካችሁ አትፈትጉ። አፈሩን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል።

ፊቱ ላይ አንበሳ አለ። አንበሳ ያየ ሁሉ «የኛ ነው» ይላል። አትቸኩሉ። የይሁዳ አንበሳ ብቻውን ነው፤ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለበት በትር ይዟል። የእንግሊዝ ጦር ቁልፍም አንበሳ አለው። እሱ ግን ጋሻ ደግፎ የቆመ ነው፤ ከጋሻው ወዲያ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ አለ። የታሰሩ በትሮች ከመጥረቢያ ጋር ካያችሁ የፋሺስት ምልክት ነው።

የዚህኛው አንበሳ የኛው ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ «ለንደን» የሚል ቃል ተርፏል። የት እንደተሠራ ነው እንጂ ማን እንደለበሰው አይናገርም። ከ1934 ጀምሮ ጦራችንን ያሠለጠነ የእንግሊዝ ሚሲዮን ነበር፤ ዕቃም ከዚያ ይመጣ ነበር። ዘውዳዊው ሥርዓት የቀረው በ1967 ነውና ቁልፉ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆን አለበት።

ክር የሚገባበት የጀርባ ጆሮው ተጣሟል። ክሩ አልቆ የወደቀ ቁልፍ እንዲህ አይሆንም። ዶማ ነክቶት ይሆናል። ወይም ከሰው ደረት ላይ ተቦጭቆ ይሆናል። ይህን ሳስብ እጄ ይከብደኛል።

ወጣቶች ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ገዝተን እንፈልግ ብላችሁኛል። አይሆንም። መሣሪያው ለቁልፍም ላልፈነዳ ቦምብም ይጮኻል። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። በአጋጣሚ ያገኛችሁትን ግን ቦታውንና ጥልቀቱን ጻፉ፤ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። እኛም ነገ ይዘነው እንሄዳለን።

ዛሬ ግን እዩት። ከልጆቹ ይጀመር። በእጅ በእጅ አሳልፉት፤ ጀርባውንም ገልብጡት።