በርበሬዬስ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከቤቴ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ከሩቅ የምትሰሙት ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ የሚገቡ የከባድ መኪኖች ድምፅ ነው። ሌሊትም አያርፉም።

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ መጣች። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች እያመለከተች ነው። በኮመን አፕ፣ ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ የምትልከውን ኤሴይ፣ ስለ ራሷ የምትጽፈውን ድርሰት፣ "እስቲ እዪልኝ" ብላ ላፕቶፗን አስቀመጠችልኝ።

እንግሊዝኛው ንጹሕ ነው። "ከልጅነቴ ጀምሮ አህጉሬን በቴክኖሎጂ የመለወጥ ራዕይ ነበረኝ" ብሎ ይጀምራል። ሁለቴ አነበብኩት። ይቺን ልጅ ደረጃ ለደረጃ ስትሯሯጥ ጀምሮ አውቃታለሁ። እዛ ጽሑፍ ውስጥ ግን የለችም። ለቻትጂፒቲ ሰጥታ እንዳሳመረችው ነገረችኝ። ኮመን አፕ እንዲህ ያለውን ነገር ከማጭበርበር እንደሚቆጥረው ነገርኳትና ደነገጠች። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከሱ በፊት የጻፈችውም፣ ራሷ የጻፈችውም፣ ያው መሆኑ ነው።

ለምን እንደሆነ ሳስብ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። አቃቂ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ በታይፕ ይጽፍ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ማንበብ ለማይችል ባለጉዳይ የተጻፈውን ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ጎርፍ ግቢያቸው እየገባ አስቸግሯቸዋል። ሲናገሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። "ያሰጣሁትን በርበሬ ጠርጎ ወሰደብኝ። ለዓመት ያልኩትን በርበሬ! ከጭቃው እየለቀምኩ አለቀስኩ" አሉ። አባቴ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማቸውና ጻፈ። "ጉዳዩ፦ የፍሳሽ ችግር እንዲወገድልኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች…"

አንብቤ ስጨርስ ዝም ብለው አዩኝ። ከዛ "በርበሬዬስ?" አሉ።

"እማማ፣ ለቢሮ በርበሬ አይጻፍም" አላቸው አባቴ።

እውነቱን ነው። ጉዳዩን የሚያየው ሰው የሚፈልገው ቀበሌና የቤት ቁጥር ነው። አባቴ ሥራውን ያውቅ ነበር። ግን እኛ ማመልከት ሲባል የምናውቀው ይሄንን ብቻ ነው። አንገት ደፍቶ፣ "አመልካች" ሆኖ፣ ራስን ደብቆ መጠየቅ። "እኔ" ማለት ራሱ ነውር ይመስለናል፤ ቶሎ ብለን "እኛ" ውስጥ እንገባለን። ያንኑ ድምፅ ወደ እንግሊዝኛ ስንቀይረው "የአህጉሬ ራዕይ" ይሆናል።

እኔም በጊዜዬ አመልክቼ ነበር። በዛን ጊዜ የሚመክረን ሰው "ችግራችሁን ጻፉ፣ እንባ ካላስመጣ አይነበብም" አለን። እኔም ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ እሄድ እንደነበር ጻፍኩ። ውሸት ነበር። ውኃችን በፈረቃ ነበር የምትመጣው፣ ቧንቧውም ግቢያችን ውስጥ ነበር። አልተቀበሉኝም። ያልተቀበሉኝ በሱ ምክንያት ይሁን አይሁን አይደለም የሚቆጨኝ። ዓመታት ሙሉ አባቴ ጎን ተቀምጬ የሰው ጉዳይ ሳነብ ኖሬ፣ ስለዛ አንድ መስመር አለመጻፌ ነው።

እዚህ ላይ ለአመልካቾች በግልጽ ልናገር። ኤሴዩ የድህነት ማስረጃ አይደለም። የቤተሰብ ገቢ ራሱን የቻለ ቅጽ አለው። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ነው። የአባት ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የተማሪ ወንድምና እህት ብዛት እዛ ይሞላል። እንደ ሃርቫርድ፣ ዬልና ኤምአይቲ ያሉት ደግሞ የውጭ ተማሪንም ቢሆን የመክፈል አቅሙን አይተው አይደለም የሚቀበሉት። ስለዚህ ኤሴዩ ላይ መለመን አያስፈልግም። የተሰጣችሁ ከ250 እስከ 650 ቃል ነው። ጠባብ ቦታ ነው። አህጉር አይገባበትም። በርበሬ ግን ይገባበታል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ "በአማርኛ አውሪኝ" አልኳት። "ስለ ምን?" አለች። "ትናንት ማታ ምን ስትሠሪ ነበር?"

"ምንም። ደብተሬ ላይ ውኃ የመጣችበትን ሰዓት ጻፍኩና ተኛሁ።"

"የምን ደብተር?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደመጣችና እንደሄደች ስትመዘግብ ኖራለች! እናቷ ጀሪካኖቹን ደርድራ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስትጠብቅ እያየች አላስችል ብሏት ነው የጀመረችው። "ቀኑን ካወቅን በሌላው ቀን ትተኛለች ብዬ ነው" አለችኝ። አሁን የብሎኩ ሰው ሁሉ በራቸውን እያንኳኳ "ዛሬ ትመጣለች?" ይላል። ስትሳሳት ደግሞ አንዳንዱ ይቆጣታል፤ ቧንቧውን የዘጋችው እሷ ይመስል። ይሄን ስታወራ ድምፅዋ ተለወጠ። ፈጠነ። እጇ ይንቀሳቀሳል። ከ20 ደቂቃ በላይ ተናገረች።

"ይሄን ነው የምትጽፊው" ስላት "ይሄ ምን ኤሴይ ይሆናል?" አለችኝ። "ለቢሮ በርበሬ አይጻፍም" ማለቷ ነበር።

ቅጂውን ይዛ ሄደች። እያዳመጠች፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዛ በራሷ እንግሊዝኛ ጻፈችው። እንግሊዝኛው እንደ በፊቱ አያብረቀርቅም። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፣ አንዳንዱ ትንሽ ይንገዳገዳል። የሆሄያት ስህተት ብቻ አረምኩላት፤ ሌላውን አልነካሁም። መንካት አማረኝ፣ ግን ተውኩት።

ትናንት ማታ እነሱ ቤት ቡና ጠጣን። "እስቲ ለእማዬ አንብቢላት" አልኳት። መስመር በመስመር ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። እናቷ ስኒውን ይዛ፣ ሳትጠጣ አዳመጠች። ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት የሚናገረው ጋ ሲደርስ አስቆመቻት።

"ማክሰኞ አልነበረም" አለች። "ረቡዕ ነው። ጾም ስለነበር ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ ስጠብቅ ቀዘቀዘብኝ።"

ልጅቷ እስክሪብቶ አነሳችና ማክሰኞን ሰረዘች። ረቡዕ ብላ ጻፈች። ጎኑ ላይ ደግሞ፣ ሽሮ።